«ዳቦውን ይዤ መንገድ ተሻገርኩ»

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፤

የ23 ዓመት ልጅ ነኝ። ቀን መገናኛ አካባቢ ሱፐርማርኬት ውስጥ ካሸር ሆኜ እሠራለሁ፣ ማታ ስድስት ኪሎ እማራለሁ። ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ክፍል የሚያልቀው 2፡30 ላይ ነው። ታክሲ ካጣሁ በአምስት ኪሎ አድርጌ እስከ አራት ኪሎ በእግሬ እወርዳለሁ። ቤቴ ኮተቤ ነው።

ከግቢው ወጣ ሲባል አጥሩ ሥር ካርቶን አንጥፈው የሚያድሩ ልጆች አሉ። አንዱን አቡሽ ይሉታል። 12 ወይም 13 ዓመት ቢሆነው ነው። ሥራ ቦታ ሳይሸጥ ያደረ ዳቦ ሲሰጡን ለእሱ አመጣለታለሁ። «እህቴ፣ ዛሬ ፈተና አለሽ?» ይለኛል። ለምጄው ነበር።

በጥር ወር ስልኬን ተነጠቅኩ። አምስት ኪሎን አለፍ እንዳልኩ ነው። መልእክት እየጻፍኩ ነበር፤ አንዱ ከኋላ መጥቶ መነጨቀኝና ሮጠ። ፊቱን አላየሁትም። ወፍራም ጃኬት መልበሱን ብቻ ነው የማስታውሰው። በማግስቱ ጓደኞቼ «እነዚያ ቦርኮዎች ናቸው፤ ዳቦ እየሰጠሽ ያስለመድሻቸው ራስሽ ነሽ» አሉኝ። ወንድሜ ደግሞ ሴንጢ ገዝቶ ሰጠኝ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ በኩል ማለፍ ትቻለሁ። ባለፈው ሳምንት ዳቦውን ይዤ መንገድ ተሻገርኩ። አቡሽ ከማዶ ሆኖ «እህቴ፣ ምን አደረግኩሽ?» ብሎ ጮኸ። አልመለስኩለትም። ዳቦው ቤት ገብቶ ሻገተ። ደግሞ እዚያው ጥግ ላይ ለብቻው የሚያወራ ትልቅ ሰው አለ። እሱን ሳይ እግሬ ይያዛል።

እትዬ፣ እየፈራሁ ልኑር ወይስ ጅል ልሁን? ሴንጢውስ ይጠቅመኛል? አንዳንዴ ትምህርቱን ላቋርጠው እላለሁ።

ት. ከኮተቤ

* * *

ልጄ፣

ትምህርትሽን አታቋርጪም። ይህን መጀመሪያ እንጨርሰው። ሦስት ዓመት በማታ ተመላልሰሽ በአንድ ስልክ ምክንያት አትቀሪም።

ሴንጢውን ለወንድምሽ መልሺለት። ክፉ አስቦ አይደለም፣ ጭንቅ ብሎት ነው። ግን አስቢው። ያ ሰው ስልክሽን ነጥቆ ለመሮጥ ስንት ሰከንድ ፈጀበት? ሁለት? ሴንጢው ያለው ቦርሳሽ ውስጥ፣ ከደብተርና ከምሳ ዕቃ ሥር ነው። እሱን ፈልገሽ እስክታወጪ ሰውየው ሽሮ ሜዳ ደርሷል። ብታወጪውም ጉልበት ያለው ይቀማሽና አንቺው ላይ ያዞረዋል። ደግሞ በር ላይ ፍተሻ አለ። ሴንጢ ሲገኝብሽ ምን ልትዪ ነው? ሽንኩርት ልከትፍበት?

እኔም በዚያው መንገድ ዓመታት ተመላልሻለሁ። በ1980ዎቹ መጨረሻ የማታ ተማሪ ነበርኩ። ያኔ የሚነጠቅ ስልክ አልነበረም። የሚነጠቀው የአንገት ሐብልና የእጅ ሰዓት ነበር። እናቴ ማታ ማታ ወርቄን አስወልቃ ነበር የምትሸኘኝ። ስለዚህ ፍርሃትሽን አውቀዋለሁ። ከአምስት ኪሎ ወደ ታች ስትወርጂ ከኋላ የሚመጣ የጫማ ኮቴ ምን እንደሚመስል አልረሳሁትም።

አሁን ወደ ስልኩ። ከተነጠቅሽ በኋላ ምን እንዳደረግሽ አልጻፍሽም፤ አልቅሰሽ ቤት የገባሽ ይመስለኛል። ሌላ ጊዜ አያድርስብሽ እንጂ ከደረሰ ከለቅሶው በፊት የሰው ስልክ ለምነሽ 994 ደውዪ። ሲም ካርዱን ያዘጉልሻል። ቴሌብርሽም የባንክሽ መተግበሪያም የተንጠለጠለው በዚያ ቁጥር ላይ ነው። ሂሳብሽ ንግድ ባንክ ከሆነ ቀጥለሽ 951 ደውዪ። ሌባው ስልኩን ሸጦ የሚያገኘው የተወሰነ ነው፤ ሂሳብሽ ውስጥ ያለው ግን የሴሚስተር ክፍያሽ ሊሆን ይችላል።

በአዲሱ ስልክሽ ደግሞ ዛሬውኑ *#06# ብለሽ ደውዪ። 15 አሃዝ ያለው ቁጥር ይወጣል። የስልኩ መታወቂያ ነው። ደብተርሽ ላይ ጻፊው። ስልኩ ላይ እንዳትጽፊው፤ እንዲህ ያደረገ ሰው አውቃለሁ። ፖሊስ ጣቢያ ገብተሽ «ጥቁር ሳምሰንግ ነው» ብትዪ የሚሰማሽ የለም። ቁጥሩን ይዘሽ ከሄድሽ ቢያንስ የሚጻፍ ነገር አለ። ስልኩ ባይገኝም አመልክቺ። ለፖሊስ ያልተነገረ ቅሚያ እንዳልተፈጸመ ነው የሚቆጠረው፤ ያ መንገድም በወረቀት ላይ ሰላማዊ ሆኖ ይቀራል።

እሺ፣ ማን ነው የነጠቀሽ? ፊቱን አላየሁትም ብለሻል። ያየሽው ጃኬት ነው። ጓደኞችሽ ግን አጠገብሽ ሆነው ያዩ ይመስል ነገሩሽ። አንቺም ከእነሱ ተቀብለሽ ጃኬቱን አቡሽ ላይ አለበስሽው።

እኔ እዚያ አልነበርኩም፣ እነሱ አይደሉም ብዬ አልምልልሽም። ግን ነገሩን በሌባው ዓይን እይው። አጥር ሥር የሚያድር ልጅ አድራሻ አለው። አዎ፣ ቤት የለውም፤ አድራሻ ግን አለው። ጥበቃው ያውቀዋል። ጀበና ቡና የምትሸጠዋ ያቺ ሴት ታውቀዋለች። ሎተሪ አዟሪው፣ ሊስትሮው፣ የታክሲው ረዳት ያውቁታል። አንድ ነገር በጠፋ ቁጥር መጀመሪያ በጥፊ የሚመታው እሱ ነው። ለነጣቂ ትልቁ ሀብቱ አለመታወቅ ነው። በሞተር ወይም በእግር ይመጣል፣ ይነጥቃል፣ ሌላ ሰፈር ይገባል። በ2011 ዓ.ም. ክረምት የከተማው አስተዳደር ፈቃድ ካላቸው በቀር ሞተር ሳይክል አዲስ አበባ ውስጥ እንዳይንቀሳቀስ ሲከለክል ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ በሞተር የሚፈጸም ቅሚያ ነበር። ካርቶን ላይ የሚተኛ ልጅ ሞተር ከየት ያመጣል?

ይህን ስል መላእክት ናቸው እያልኩሽ አይደለም። ጎዳና ላይ ያለ ልጅ ይሰርቃል። ይራባል፣ ትልልቆቹ «አምጣ» እያሉ ይመቱታል፣ ይሰርቃል። ማስቲሽ ደግሞ አለ። በፌስታል ወይም በውሃ ላስቲክ አድርገው ሲስቡት አይተሽ ይሆናል። ረሃቡን ያስረሳል፣ ብርዱን ያደነዝዛል፤ ልጆቹ የሚስቡት ለዚህ ነው። ጭንቅላትን ግን ይበላል፣ ጠባይንም ይለውጣል። ቀን «እህቴ» ያለሽ ልጅ ማታ ስቦ ከሆነ ላያውቅሽ ይችላል። ስለዚህ አንድ ነገር ያዢልኝ። ፌስታሉ አፉ ላይ ካለ ልጅ ጋር አትከራከሪ፣ አትምከሪው፣ አጠገቡ ቦርሳ አትክፈቺ። ሰላም ብለሽ እለፊ። ዳቦው ነገም አለ።

ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ልጆቹ ለምን እዚያ አጥር ሥር ያድራሉ? ከተማው ሰፊ ነው። ለምን እንጦጦ ጫካ ውስጥ አያድሩም?

አንዱ ምክንያት ቤተ ክርስቲያኑ ነው። ቅድስት ማርያም ቅርብ ናት፤ ወር በገባ በ21 ምጽዋት ይኖራል። ሌላው የእንጦጦ መንገድ ነው። ለጸበል ብለው ከየአገሩ መጥተው፣ ገንዘባቸው አልቆ፣ ቁልቁል ወርደው እዚያው የቀሩ ሰዎች አሉ። የተማሪውም ልብ አለ፤ ተማሪ ኪሱ ባዶ ቢሆንም ይሰጣል። ትልቁ ምክንያት ግን ሌላ ነው። መብራት አለ። ጥበቃ አለ። ሰው ሲገባና ሲወጣ ያመሻል። አንቺ ከጨለማው መንገድ ሸሽተሽ በአጥሩ በኩል የምትሄጂበት ምክንያትና እነሱ አጥሩ ሥር የሚተኙበት ምክንያት አንድ ነው። እነሱም ለደህንነታቸው ነው።

በምሽት አዲስ አበባ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚፈራው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? በረንዳ ላይ የምታድር ሴት። አንቺ 20 ደቂቃ ትሄጂና ታክሲ ውስጥ ትገቢያለሽ። እሷ እስኪነጋ እዚያው ናት። በር የላትም። ልጅ ይዛ ከሆነ ደግሞ አንድ ዓይኗን ጨፍና ነው የምታድረው። በዚያ መንገድ ላይ ማን ክፉ እንደሆነ፣ የትኛው መኪና ቀስ እያለ ሴት እንደሚከተል፣ የትኛው ጎረምሳ ሰክሮ እንደሚመጣ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። እኔ በተማሪነቴ አንዲት እናት ነበሩ፤ አምስት ኪሎ ጋ የተቀቀለ ድንች ይሸጡ ነበር፣ ሌሊቱን እዚያው ሸራ ሥር ያድራሉ። አንድ ማታ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ «ነይ ድንች ብዪ» ብለው ጠሩኝ። አልራበኝም ብላቸው እጄን ይዘው አስቀመጡኝ። ዓይናቸው ግን ከእኔ ኋላ ነበር። አንድ ሰው ትንሽ ቆሞ ሄደ። «አሁን ሂጂ» አሉኝ። የድንቹን ዋጋ አልተቀበሉኝም።

ለዚህ ነው ማንን እንደምትፈሪ ለይተሽ እወቂ የምልሽ። ፍርሃትሽ ልክ ነው፣ ጣትሽ ግን የተሳሳተ ሰው ላይ ነው። ቁጭ ያለውን ፈርተሽ መንገድ ስትሻገሪ፣ ምናልባት የተሻገርሽው የሚያውቅሽ ሰው ወደሌለበት፣ ወደ ጨለማው ወገን ነው። ያንን ማታ አስታውሺው። የተሻገርሽበት ጎን መብራት ነበረው?

አሁን ስለ አካሄድሽ እንነጋገር። ብቻሽን አትውጪ። ክፍልሽ ውስጥ ወደ መገናኛና ወደ ኮተቤ የሚሄዱ ሌሎች የሉም? ይኖራሉ። የማታ ተማሪ ሁሉ ቸኩሎ ስለሚወጣ አይተዋወቅም እንጂ። ለክፍል ተጠሪው ንገሪው፣ ቴሌግራም ላይ በየአቅጣጫው አንድ አንድ ግሩፕ ይክፈት። ሦስት ሆናችሁ ከወጣችሁ ነጣቂው ሌላ ሰው ይጠብቃል። ቤት የገባ «ገባሁ» ብሎ ይጻፍ። ያልጻፈ ይደወልለት። ይኸው ነው።

ስትሄጂ ስልኩ እጅሽ ላይ አይሁን። ከበር ከመውጣትሽ በፊት የምትደውይውን ደውዪ፣ የምትጽፊውን ጻፊ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ኪስ። የጆሮ ማዳመጫውን አውልቂ፤ መንገድ ላይ ዋናው ዘበኛሽ ጆሮሽ ነው። መኪና ፊት ለፊት በሚመጣበት ጎን ሂጂ፣ ቦርሳሽ በግንቡ በኩል ይሁን። በሞተር የሚመጣ ያኔ ከኋላ አያገኝሽም። አቋራጭ አለ ብለው ከሚያሳዩሽ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ዋናው ይሻላል፣ አምስት ደቂቃ ቢጨምርም። ከ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ሥራ ወዲህ በአራት ኪሎ በኩል የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፣ መብራቱም በዝቷል። ተጠቀሚበት። (በረንዳው ሲፈርስ በረንዳ አዳሪው የት ሄደ የሚለውን ሌላ ቀን እናነሳዋለን።)

ሰዓት የሚጠይቅሽ ሰው ሰዓት አይፈልግም። ስልክሽ የትኛው ኪስ ውስጥ እንዳለ ነው የሚፈልገው። «ሦስት አካባቢ» በይና እለፊ። «እህት፣ ልብስሽ ላይ ቆሻሻ አለ» የሚልሽም እንዲሁ ነው፤ ቤትሽ ገብተሽ ታጥቢዋለሽ። ሶፍትና ማስቲካ የያዘ ካርቶን ደረትሽ ሥር አስጠግቶ የሚያጣብብሽ ካለ ዓይንሽ ሶፍቱን ሳይሆን ከካርቶኑ ሥር ያለውን እጅ ይይ። ዝናብ ከሆነና ታክሲ ከጠፋ፣ አምሽተሽም ከሆነ፣ ግቢው በር ላይ ቆመሽ 8294 ደውለሽ ራይድ ጥሪ። ያለ ኢንተርኔትም ይመጣል። ውድ ነው፣ አውቃለሁ፤ ለሦስት ስትካፈሉት ግን ከአንድ ስልክ ይረክሳል።

ከተነጠቅሽ ልቀቂው። አትታገዪ፣ አትከተዪው። ከኋላ አንገትሽን የሚይዝ ማጅራት መቺ ከሆነ ጭራሽ አትሞክሪው፤ ቦርሳውን ጣዪለት። እንደ ምንም ብለሽ ወደ ብርሃንና ወደ ሰው ሂጂ፣ 991 ደውዪ። ጥቃቱ ከዕቃ ያለፈ ከሆነ ደግሞ፣ አያድርስ፣ ልብስሽን ሳትቀይሪ፣ ሳትታጠቢ ሐኪም ቤት። ጋንዲ ሆስፒታል ለተደፈሩ ሴቶችና ሕፃናት ሕክምናውንም የፖሊሱንም ጉዳይ አንድ ላይ የሚያይ ማዕከል አለ። ኤችአይቪ እንዳይዝ የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ ሲሆን ይሻላል። ይህን ሁሉም ሴት ተማሪ ልታውቀው ይገባል፤ ስለዚህ ነው የጻፍኩት።

ስለ ጩኸት አንድ ነገር ልበልሽ፤ ይህን ብዙ ሰው አያነሳውም። እኛ አገር «ሌባ!» ብሎ መጮህ ቀላል ነገር አይደለም። ቃሉ ከአፍሽ ሲወጣ መንገዱ ሁሉ ይነሳል። ማን እንደሰረቀ ያየ የለም፤ የሚሮጥ ግን ይኖራል። የተቀደደ ልብስ የለበሰ ልጅ ሰው ሲሮጥበት ይሮጣል፣ መሮጡ ደግሞ ማስረጃ ይሆንበታል። አንድ ጊዜ አራት ኪሎ ታክሲ ጥበቃ ቆሜ አንድ ልጅ እንዲህ ሲደበደብ አይቻለሁ። ፊቱ እስኪጠፋ። ቦርሳዋ የጠፋባት ሴትዮ ቆይቶ ከወረደችበት ታክሲ ውስጥ አገኘችው፤ ረዳቱ ይዞላት ተመለሰ። የደበደቡት ሰዎች ልብሳቸውን አራግፈው ታክሲያቸው ውስጥ ገቡ። እኔም ገባሁ። 25 ዓመት አልፎታል፣ እስካሁን ያንን ታክሲ ባልገባሁ እላለሁ።

ስለዚህ ፊቱን ካላየሽ «ሌባ» አትበዪ። «እርዱኝ» በይ። ሰው ወደ አንቺ ይመጣል፣ የሚፈልጉትም አንቺን ነው፤ የሚደበደብ ልጅ አይፈልጉም።

ለብቻው ስለሚያወራው ሰውዬ። እግርሽ መያዙ አይገርምም፤ ምን እንደሚያደርግ መገመት ስለማትችዪ ነው። ግን እንዲህ ያለ በሽተኛ ብዙ ጊዜ ራሱ ተጎጂ ነው። ልጆች ድንጋይ ይወረውሩበታል፣ ክረምት ሲመጣ ዝናቡ እላዩ ላይ ይወርዳል። ፊት ለፊት አትይው፣ አትሳቂ፣ በፍጥነትም አትሩጪ። ሁለት እርምጃ ራቅ ብለሽ በተለመደው አረማመድሽ እለፊ። የሚያወራው ከአንቺ ጋር አይደለም። አንድ ቀን ጠባዩ ቢለወጥ፣ ዕቃ ቢያነሳ፣ ሰው ቢከተል፣ ያኔ ለጥበቃዎቹ ንገሪ። ሰፈሩ ውስጥ ሰብሰብ ብላችሁ የምታስቡለት ከሆነ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። ከጎዳና አንስተው አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን የሚረዱት እነ መቄዶንያም አሉ። ወረፋው ረጅም ሊሆን ይችላል። ግን ስሙን የሚያውቅ፣ ከየት እንደመጣ የሚናገርለት አንድ ሰው ሲኖር ነገሩ ይቀላል። ቡና ሻጯን ጠይቂያት። ታውቃለች ብዬ እወራረዳለሁ።

«ዳቦ እየሰጠሽ ያስለመድሻቸው አንቺ ነሽ» ላሉሽ ጓደኞችሽ ደግሞ መልስ አለኝ። ያልተሸጠ ዳቦ ሌባ አያደርግም። ልጆቹ ቡሌ ሲበሉ ነው የከረሙት፤ ከሆቴል የተረፈ፣ ሥጋውም ወጡም ፓስታውም አንድ ላይ የተደባለቀ፣ እሱንም አንዳንዴ ገንዘብ ከፍለው። የአንቺ ዳቦ ንጹሕ ነው። ሥርዓት ግን ያስፈልገዋል። ማታ 2፡30 ላይ ጨለማ ውስጥ ቆመሽ ቦርሳ አትክፈቺ። ስትገቢ፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ገና ሰማዩ ሳይጨልም ስጪ። ቡና ሻጯ አጠገብ ቢሆን ይሻላል። ገንዘብ አትስጪ፤ ለልጁ የሰጠሽው ብር ማታ በትልልቆቹ እጅ ነው የሚያድረው፣ ካልሆነም ማስቲሽ ይሆናል። ከዳቦ ሌላ መስጠት ካማረሽ ካልሲ፣ ሳሙና፣ ሐምሌ ላይ ደግሞ ላስቲክ። ላስቲክ የሰጠ ሰው ስሙ አይረሳም።

አቡሽ ከየት መጣ? እናት አለችው? ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? በአንድ ቀን አይነግርሽም። ምናልባት መጀመሪያ ይዋሽሻል። ልጆቹ ብዙ ጊዜ ታፍሰዋል፤ ትልቅ ጉባኤ ሲመጣ ከመንገድ ይነሳሉ፣ ጉባኤው ሲያልቅ ይመለሳሉ። ስለዚህ ጥያቄ የሚጠይቃቸውን ሰው አያምኑም። ቀስ በይ። ወደ ቤቱ መመለስ እንደሚፈልግ ከነገረሽ የወረዳው ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት አለ፤ ልጅን ከቤተሰብ የሚያገናኙ ድርጅቶችን እነሱ ያውቋቸዋል። አብረሽው ሂጂ። «እኔ ጋ ትኖራለህ» ብቻ እንዳትዪው። የማትችዪውን ቃል ከገባሽለት፣ መንገድ ከተሻገርሽበት ቀን የባሰ ይሆንበታል።

አሁን ለማንም ነግሬ የማላውቀውን ልንገርሽ። ሁለተኛ ዓመት ላይ ከጎኔ የሚቀመጥ ልጅ ነበር። ኮሌታው ሁልጊዜ ንጹሕ ነው። ማስታወሻ የሚይዘው በጣም ደቃቅ ጽሕፈት ነበር፤ አንድ ገጽ ላይ የአንድ ሳምንት ትምህርት ይገባለታል። የሚቆጥብ መስሎኝ እስቅበት ነበር። ከክፍል እንደወጣን እኔ ወደ ታክሲ እሮጣለሁ፣ እሱ «ሥራ አለኝ» ብሎ ይቀራል። በመጨረሻው ዓመት ነው ያወቅኩት። ቤት አልነበረውም። አንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ መቃብር ቤት ውስጥ ያድር ነበር። ደብተር መግዣ ስላልነበረው ነው ጽሕፈቱ የደቀቀው። ሁለት ሴሚስተር ሙሉ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠን፣ ማታ ማታ እንደ እሱ ያሉትን እየሸሸሁ መንገድ እሻገር ነበር።

ተመርቋል። የት እንደሚሠራ አልነግርሽም፣ እሱም ይህን ዓምድ ያነባል።

እና አቡሽ። ሰኞ ስትገቢ በድሮው ጎን እለፊ። ዳቦ ባይኖርሽም እለፊ። «ምን አደረግኩሽ?» ብሎሻል፣ መልሱ «ምንም» ነው። እሱን ብቻ ንገሪው። ስልኬን ተነጥቄ ፈርቼ ነበር በይው። ይገባዋል፣ ከአንቺ በላይ ተነጥቋል። ምናልባት «እኔ አይደለሁም» ብሎ መማል ይጀምራል፤ አታስምይው። ምናልባት ደግሞ ያኮርፋል። 13 ዓመቱ ነው፣ መብቱ ነው። ማክሰኞም እለፊ።

ከዚያ ጻፊልኝ። የክፍል ተጠሪው ግሩፑን ከፈተ ወይስ አልከፈተም የሚለውንም ጨምረሽ።